የገንዘብ ችግር በአእምሮና በአካል ጤና ላይ የሚያሳድረው ጫና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በመሀል አዲስ አበባ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስና ልደታ፣ ወር ከወር ለማድረስ ለሚታገሉ ነዋሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮትና ከእድር ስብሰባ በኋላ ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ የሐኪምን ምርመራ አይተኩም። ነገር ግን የገንዘብ ችግር ሕመምን የሚያመጣ፣ ሕክምናንም የሚያደናቅፍ ምክንያት ስለሆነ፣ ትኩሳትና ሳል ለሐኪም እንደሚነገሩ ሁሉ እርሱም በግልጽ ሊነገር ይገባል ብለን እናምናለን።

የገንዘብ ችግር በእርግጥ ሰውን ያሳምማል ወይስ ሰዉ አጋንኖ ነው የሚያወራው?

ያሳምማል። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ይህ ዝግጅት ለአጭር ጊዜ አደጋ የተሰጠን ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የቤት ኪራይ ግን አልፎ አያልቅም፤ የዚህን ወር ሲከፍሉ የሚቀጥለው ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ብሩስ ማክዌን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳስረዱት፣ ሰውነት ለረጅም ጊዜ በተጠንቀቅ ሲቆይ ጉዳቱ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ የደም ሥርን፣ ልብን፣ የስኳር መጠንን፣ እንቅልፍንና በሽታን የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው እንዲገባ ሲደረግ፣ ጭንቀት የበዛባቸው ሰዎች በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ጉዳዩ የረሃብ ብቻ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በእንግሊዝ መንግሥት ወንድ ሠራተኞች ላይ በተካሄደውና ኋይትሆል በሚባለው ጥናት፣ ማንም ያልተራበ ቢሆንም፣ በዝቅተኛው የሥራ እርከን ላይ የነበሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በከፍተኛው እርከን ላይ ከነበሩት ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። የማጨስ፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ልዩነት ከግምት ከገባ በኋላም ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በራስ ሥራና ሕይወት ላይ የመወሰን አቅም ማጣት ራሱ አካልን እንደሚጎዳ ተመራማሪዎቹ የተረዱት ከዚህ ተነሥተው ባካሄዱት ተከታይ ጥናት ነው።

ጨጓራዬ የሚነሳው በኑሮ ጭንቀት ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

በከፊል ነው፤ እንዲህ ብሎ መተው ግን አደገኛ ነው። የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንስኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው ያወቁት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ምክንያት፣ ዓለም ለዘመናት «የጭንቀት በሽታ» እያለ ያለፈው ሕመም በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚድን መሆኑን ስላሳዩ ነው።

ይህ ማለት ግን የኑሮ ችግር ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፤ በሌላ በር ይገባል። ባክቴሪያው በአብዛኛው በልጅነት፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚኖርበት፣ ውኃና መጸዳጃ በጋራ በሚሠራበት ግቢ ውስጥ ይተላለፋል። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለ ሰው የወገቡን ሕመም በዳይክሎፌናክ እያስታገሰ፣ ቁርሱን ዘሎ በቡና ይውላል። ጭንቀቱም የሆድን ስሜት ያጎላዋል፣ ማቃጠሉንም ያባብሰዋል። ስለዚህ የሰገራ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ባክቴሪያው ከተገኘ የታዘዘውን መድኃኒት ሕመሙ ቢተውዎትም ጀምረው ይጨርሱ። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ካዩ ግን በዚያኑ ዕለት ወደ ሕክምና ይሂዱ።

አላዝንም፣ አላለቅስም፤ ግን ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ እንቅልፍም የለኝም። ይህ የአእምሮ ጤና ጉዳይ ነው?

ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ጭንቀትና ድባቴ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን አስተዋውቀው አይመጡም፤ በራስ ማቃጠል፣ በልብ ምት፣ በትከሻና በጀርባ ሕመም፣ ከመኝታ ሲነሱም በማይለቅ ድካም ይገለጣሉ። ሰውየው በየጊዜው ማስታገሻ ይገዛል፣ ራጅ ይነሳል፣ «ምንም የለብህም» ተብሎ ይመለሳል፣ ለምርመራ ያወጣው ብርም ሌላ ጭንቀት ይሆንበታል። ደም ማነስ፣ የእንቅርት፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው ቅድሚያ ሊታዩ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን መደበት፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ትርጉም ማጣት፣ እንቅልፍና ምግብ መዛባት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን የማይጠቅም አድርጎ ማየት ሲደራረቡ ግን ስለ ድባቴ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

«ገንዘብ ስለሌለኝ ነው እንጂ ሕመም አይደለም» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ሳይታከም እንዲቆይ አድርጓል። ምክንያቱ መታወቁ ሕክምናውን አላስፈላጊ አያደርገውም፤ በመኪና አደጋ እግሩ የተሰበረ ሰው ምክንያቱ ስለታወቀ ጀሶ አይከለከልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር የአእምሮ ጤና አገልግሎት በስፔሻሊስት ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ጤና ባለሙያም እንዲሰጥ ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን አገራችንም ተግባራዊ ካደረጉት አንዷ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ መሄድ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ በመርካቶ አቅጣጫ የሚገኘው አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ድህነት ድባቴን ያመጣል ወይስ ድባቴ ሰውን ያደኸያል?

ሁለቱም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ ዳሰሳ፣ በአንድ አካባቢ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ከባለጸጎቹ ይልቅ በድባቴ ወይም በጭንቀት የመያዝ ዕድላቸው ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል፤ ምክንያትና ውጤቱም በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ አስረድቷል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሶዶ ወረዳ የተካሄዱ ጥናቶችም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚገኝበት ቤተሰብ ለምግብ እጥረት ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አረጋግጠዋል። የታመመው ሰው መሥራት ያቅተዋል፤ አስታማሚውም ሥራውን ይተዋል፤ ከብቱ ወይም እቃው ይሸጣል።

እጄ ሲያጥር ለምን የምጸጸትበትን ውሳኔ እወስናለሁ?

አእምሮዎ ተይዞ ስለሚውል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት የሚኖሩ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊት፣ እጃቸው ባጠረበት ወቅት፣ እና ምርቱን ሸጠው ገንዘብ በያዙበት ወቅት የማሰብ ችሎታቸው ተፈትኖ ነበር። ሰዎቹ እነዚያው ሳሉ በችግሩ ወቅት ያገኙት ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። ዛሬ ማታ ልጆቼ ምን ይበላሉ የሚለው ጥያቄ ለሌላ ሐሳብ የሚሆነውን ቦታ ይወስዳል።

በአራጣ መበደር፣ የአንዱን የስልክ ብድር በሌላው መክፈል፣ የእቁቡን ዕጣ ደርሶት ሳይጨርስ ለሌላ እዳ ማዋል ብዙ ጊዜ የሚወለዱት በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ የምንመክረው ቁርጥ ያለ ነገር ቢኖር፣ በተለይ እንቅልፍ ባጡበት ሌሊት የብድር ውል እንዳይቀበሉ፣ ውሳኔውንም ቢያንስ ለአንድ ታማኝ ሰው ተናግረው በማግስቱ እንዲያደርጉት ነው።

መድኃኒቱን በሙሉ መግዛት አልቻልኩም። ግማሹን ብወስድ ምን ይሆናል?

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ይህንን ማየቱ አይቀርም፦ አንዲት እናት አራት ቦታ የተጣጠፈ የመድኃኒት ማዘዣ መስኮቱ ላይ ትዘረጋለች፤ ባለሙያው ሒሳቡን ሲነግራት ከመቀነቷ የፈታችውን ብር ትቆጥራለች፣ ደግማ ትቆጥራለች፣ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የአሥር ቀኑን ብቻ ስጠኝ፣ የኔ ልጅ» ትላለች። የታዘዘላት ለአንድ ወር ነው። ለሐኪሟ ግን ስለ ገንዘቡ አልነገረችውም፤ እርሱም አልጠየቃትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቷ ሳይወርድ ሲያገኘው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ፣ ምናልባትም ውድ የሆነ፣ ይጨምርላታል።

ጉዳቱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ሰው ምንም ሳይሰማው ለስትሮክና ለኩላሊት ጉዳት ይዳረጋል። የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በግማሽ ሲቀር ሕመሙ ሳይድን ሊመለስ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ተደጋጋሚና ለሕይወት የሚያሰጋ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑን በራሱ ከቀነሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገቡ መድኃኒቶች ዋጋ በብዙ ቤተሰብ አቅም ላይ መክበዱ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ የሚሞከር አለ። ሐኪሙ ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት በወር ምን ያህል ማውጣት እንደሚችሉ ይንገሩት፤ ለብዙ ሕመሞች ርካሽ አማራጭ አለ። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ወይም የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ቤት፣ ከዚያ የከነማንና የቀይ መስቀልን ይጠይቁ፤ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከግል መድኃኒት ቤት ይቀንሳል። ሁሉንም መግዛት ካልቻሉ «የትኛው ይቅደም?» ብለው ይጠይቁ። ከታዘዙት መካከል ቫይታሚን ሊኖር ይችላልና፣ እርሱን ገዝቶ የግፊቱን መተው እንዳይመጣ።

ገንዘብ ለሌለው ሰው የሕክምና በር የት ነው?

ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣሉ። ለሌላው ሕክምና ዋነኛው በር ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህ መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ እየሰፋ አዲስ አበባም የደረሰ ሲሆን፣ ቋሚ ቀጣሪ የሌላቸው ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው በቤተሰብ ይታከሙበታል። መዋጮውን መክፈል እንደማይችሉ በአካባቢያቸው ተለይተው የተረጋገጠላቸው ደግሞ መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። ምዝገባውና እድሳቱ ወቅት ስላለው፣ ከታመሙ በኋላ ወደ ወረዳ መሮጥ ብዙውን ጊዜ አይጠቅምም፤ በጤናዎ ሳሉ ይመዝገቡ። ከድንገተኛ ሕመም በቀር አገልግሎቱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። በትላልቅ ሆስፒታሎች የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች አሉ፤ ችግርዎን ለካርድ ክፍል ሠራተኛ ከማስረዳት ይልቅ እነርሱን ፈልጎ ማነጋገር ይሻላል።

ከሰፈሬ ከተነሣሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቤት መቀየር ያሳምማል?

በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ተነሥተው እንደ ገላን ጉራ ባሉ የከተማዋ ዳርቻዎች የሰፈሩ ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ ያነሣሉ። አዲሱ ቤት ከቀድሞው የተሻለ ውኃና መጸዳጃ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ለጤና ትልቅ ነገር ነው። የሚጎድለው ግን በዓይን አይታይም። በቀድሞው ሰፈር በእግር ይደረስ የነበረው ሥራ ዛሬ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይጠይቃል፤ በዱቤ ይሰጥ የነበረው ባለሱቅ የለም፤ ልጅ የምትይዘው ጎረቤት ሌላ ሰፈር ደርሷታል። እነዚህ ሁሉ ችግር ሲመጣ ሰውን ደግፈው የሚይዙ ነበሩ። ሲፈርሱ የሚሰማው ሐዘን እንደ ድክመት ሊቆጠር አይገባም፣ በተለይ በአረጋውያን ዘንድ። በተቻለ መጠን የቀድሞው እድር እንዳይበተን፣ ቢበተንም በአዲሱ ቦታ ቶሎ ሌላ እንዲቋቋም ማድረግ የጤና ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

በኪራይ ለሚኖሩ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ውሉን በወረዳ ያስመዘገበ ተከራይ በድንገት እወጣለሁ ከሚለው ስጋት በተወሰነ ደረጃ ያርፋል።

ልጆች የቤቱን ችግር ያውቁታል?

ያውቁታል፤ ባይነገራቸውም። ዕዳው ሲበዛ እናት ባለሱቁን ለማየት ስለምታፍር ልጇን ትልካለች፤ ልጁም መዝገቡ ሲገለጥ፣ የእናቱ ስም ያለበት ገጽ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ሲተላለፍ ያያል፣ «ለእናትህ ከዚህ በኋላ የለም በላት» የሚለውንም መልእክት ይዞ የሚመለሰው እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሆዱን ያመዋል፣ አልጋ ላይ ይሸናል፣ ትምህርት ቤት ይፈዛል። ልጆችን ከዕዳ ንግግር ማራቅ፣ ቢጠይቁም ዕድሜያቸው በሚመጥን ቃል እውነቱን መንገርና ጥፋቱ የእነርሱ አለመሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ያፈረ ወላጅ ልጁን ከዚህ ምግብ አያስቀር።

ጫት ወይም አረቄ ጭንቀቱን ያስረሳኛል። ጉዳት አለው?

ለሰዓታት ያስረሳል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይነሳል፣ ድባቴውን ያከብደዋል፣ የዕለቱንም ገንዘብ ይወስዳል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲጠጡ የኖሩ ግን በድንገት ከማቆማቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ድንገተኛ ማቆም አደጋ አለው።

ጠበል እየተጠመቅሁ ነው። መድኃኒቱን ልተው?

አይተዉት። እምነት ለተጨነቀ ሰው ብርቱ መጽናኛ ነው፤ ጸሎቱም፣ ዱዓውም፣ አብሮ የሚሆነው ሰውም ያግዛል። ከዚህ ቀደም የኤችአይቪ ሕሙማን በእንጦጦ ጠበል ምክንያት መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ያው ነው።

ገንዘብ ቢሰጥ በእርግጥ ጤና ይመለሳል? ሰዉ ለመጠጥ አያውለውም?

በኬንያ ገጠር ያለ ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ የተሰጣቸው ቤተሰቦች የአእምሮ ደኅንነታቸው መሻሻሉን፣ ለመጠጥና ለትምባሆ የሚያወጡትም አለመጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ከፍ ያለ መጠን በተሰጣቸው ዘንድ የኮርቲሶል መጠንም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ድሃ ሰው ገንዘብ አያያዝ አያውቅም የሚለው አስተሳሰብ ሊታረም ይገባዋል። በ2009 አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብርም በሥራና በቀጥታ ድጋፍ ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚደርስ ስለሆነ፣ ምልመላው ሲካሄድ በወረዳዎ ይጠይቁ።

ይሉኝታ ይዞኛል። ችግሬን ለማን ልንገር?

ብዙዎቻችን ያደግነው «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ነው፤ ችግሩ፣ በሆድ የተያዘው ነገር የሚፈጀው ራሱን ሆዱን መሆኑ ነው። ሰው ለተዝካርና ለሠርግ ተበድሮ ይደግሳል፣ ለመድኃኒቱ ግን መበደር ያፍራል። ይህን ቅደም ተከተል መለወጥ በአንድ ሰው አቅም አይሆንም፤ የእድር ዳኞች፣ የንስሐ አባቶችና የመስጊድ ኢማሞች በድግስ ፈንታ ለሕመምተኛ መዋጮ ቢያስለምዱ ብዙ ሰው ከጭንቀት ይወጣል። ለጊዜው ግን ለአንድ ሰው መናገር ይበቃል፤ ለትዳር ጓደኛ ቢሆን ይመረጣል፤ የተደበቀ ዕዳ በቤት ውስጥ ከዕዳው የባሰ ጠብ ያመጣልና።

መኖር ሰልችቶኛል፣ ዕዳዬን ይዤ ብሞት ይሻላል የሚል ሰው አጠገቤ አለ። ምን ላድርግ?

በቁም ነገር ይውሰዱት። ራሱን ለመግደል እያሰበ እንደሆነ በቀጥታና በርኅራኄ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፣ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አይተዉት፤ መድኃኒት፣ መርዝና ገመድ ከአጠገቡ ያርቁ። በዚያኑ ዕለት ወደ አማኑኤል ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ አምቡላንስ ካስፈለገ 907 ወይም 939 ይደውሉ። ስለ ዕዳው ምክር መስጠት በዚያ ሰዓት አያስፈልግም፤ ዕዳው በሕይወት ላለ ሰው ሁልጊዜ መደራደሪያ አለው፣ ይህንን ሲረጋጋ አብራችሁ ታዩታላችሁ። እርስዎም ራስዎ ይህ ሐሳብ ካለብዎት፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ አጠገብዎ ላለ ሰው ይንገሩ።

የጤና ባለሙያ ነኝ። ታካሚን ስለ ገንዘብ መጠየቅ አያሳፍረውም?

አጠያየቁ ይወስነዋል። «ድሃ ነህ?» የሚል ጥያቄ ያሸማቅቃል። «ኑሮው ለሁሉም ከብዷል፤ በዚህ ወር መድኃኒት ወይም ምግብ የጎደለበት ቀን ነበር?» የሚለው ግን በሩን ይከፍታል፤ ጠያቂው ችግሩን የታካሚው ብቻ አድርጎ አላየውምና። መልሱን በካርዱ ላይ ይጻፉት፤ ተተኪው ሐኪም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ከመለወጡ በፊት እንዲያየው። ማዘዣውን ሲሰጡም ዋጋውን በግምት ይንገሩ፤ ታካሚው ዋጋውን በመስኮቱ ላይ፣ ከኋላው ወረፋ ቆሞ ሳለ፣ ከሚሰማ ይልቅ ከእርስዎ ፊት ተቀምጦ ቢሰማ አማራጭ ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛል።